ባዮጋዙ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ ከእናቴ ጓሮ

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ጓሮዋ ላይ ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ፣ 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ የባዮጋዝ ማብላያ ተቀብሯል። በአንድ በኩል እበት የሚበጠበጥበት ክብ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። በሌላው በኩል የተብላላው የሚወጣበት ጉድጓድ አለ። መሃሉ በአፈር የተሸፈነ ጉብታ ነው። ከጉብታው ሥር ያለው ጉልላት ጋዙን ያጠራቅማል፤ ጋዙም በቧንቧ ወጥ ቤት ይገባል።

ይህ ማብላያ አንድ ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ ቆሞ ነበር። ማንም አልነገረኝም። "ተበላሸ፣ ተውነው" አለችኝ እናቴ፣ እንደ ቀላል ነገር። ሄጄ ሳየው የተበላሸው የዋናው ቫልቭ፣ ማለትም ጋዙን ከጉልላቱ ወደ ቧንቧው የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ጎሚኒ ነበር። አንዲት ጎሚኒ! በእሷ ምክንያት እናቴ ስምንት ወር ጭስ ስትጠጣ ከርማለች። ይህንን ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ያን ቀን በንዴት ነው። ከዚያ ወዲህ በጎረቤት ማብላያዎች ላይ ያየሁትንም ጨምሬበታለሁ።

ተሞላ፣ ተጠበቀ፣ ጋዝ ግን የለም

ማብላያው አዲስ ከሆነ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ወይ መጀመሪያ የገባው እበት አንሷል፣ ወይ ጊዜው አልደረሰም። አዲስ ማብላያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ አይነሳም። እበቱ ለሳምንታት ተጠራቅሞ፣ እንዳይደርቅ ተሸፍኖ፣ አንዴ መግባት አለበት። ሞቃት አገር ላይ በሁለትና ሦስት ሳምንት ጋዝ ይታያል። ደጋ ላይ ግን ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል።

የሚያፋጥነው እርሾ ነው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ሁሉ ማብላያም እርሾ ይወዳል። በደንብ ከሚሠራ የጎረቤት ማብላያ ከመውጫው ጥቂት ባልዲ ቀድታችሁ ጨምሩበት። ጋዙን የሚሠሩት ተሕዋስያን እዚያ ውስጥ አሉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ምንም ከሌለ ዋናውን ቫልቭ እዩት። ክፍት ቀርቶ ጋዙ ሲያመልጥ የከረመበት ቤት አይቻለሁ።

ጋዝ አለ፣ ግን ክብሪቱን ያጠፋዋል

መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛበት አይነድም። በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ እሳት አታቅርቡ፣ ጋዙን ልቀቁት። ለጥቂት ቀናት ደጋግሙት። ጤናማ ባዮጋዝ ከግማሽ በላዩ ሚቴን ነው። የሚነደውም እሱ ነው።

ሲነድ ቆይቶ ማቆሙ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ማብላያው ኮምጥጧል ማለት ነው። ወይ በአንድ ቀን ከልክ በላይ ተመግቧል፣ ወይ የማይገባ ነገር ገብቶበታል። የልብስ ማጠቢያ ውሃ፣ በረኪና፣ መድኃኒት የተወጋች ላም እበት፣ ሁሉም ተሕዋስያኑን ይጎዳሉ። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሳትመግቡ አቆዩት። ከዚያ ከትንሽ እበት ጀምሩ። የታመመችውን ላም እበት ሕክምናዋ አልቆ ጥቂት ቀን እስኪያልፍ ለብቻው አስቀምጡት።

ድሮ ወጡም ቡናውም ይሠራበት ነበር፤ አሁን ለቡናው እንኳ አይበቃም

በብዛት የምጠየቀው ይህን ነው። ብልሽት ከመፈለጋችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት ከ35 እስከ 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። 30 ኪሎ ካስገባችሁ ከ1,000 ሊትር በላይ ታገኛላችሁ። የቤት ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ያነዳል። ስለዚህ 30 ኪሎ ማለት የሦስት ሰዓት ያህል እሳት ነው። 15 ኪሎ ከሆነ ግማሹ። ምድጃው አይዋሽም፤ ያበላችሁትን ያህል ነው የሚሰጣችሁ።

ታዲያ እበቱ የት ሄደ? ከብቱ ቀኑን ሙሉ መስክ ከዋለ በእጃችሁ የሚገባው የሌሊቱ ብቻ ነው። ሁለት በሬ ከተሸጠ ደግሞ የበለጠ ያንሳል። እናቴ ጋ የሆነው ይኸው ነበር፤ በሬ ተሸጦ ማንም ከምድጃው ጋር አላገናኘውም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ እበቱ ኩበት ሆኖ ገበያ ይወጣል። ኩበት ገንዘብ ነውና አልፈርድም። ግን አንድ እበት ሁለት ቦታ አይነድም።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። እበትና ውሃ እኩል በእኩል ነው የሚገቡት። 30 ኪሎ እበት 30 ሊትር ይፈልጋል፤ አንድ ተኩል ጀሪካን በየቀኑ። በበጋ ምንጩ ሲርቅ ውሃው ይቀንሳል፣ ብጥብጡ ይወፍራል፣ ጋዙም ያንሳል። የበረቱን ወለል በድንጋይ አንጥፋችሁ ሽንቱን ወደ ገንዳው ብትመሩት ከውሃው የተወሰነውን ይተካል። ሳሙና ያልነካው የእቃ ማለቅለቂያም ይገባል።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ስለ ብርድ በደንብ የሚናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ ደጋ ላይ ግን ዋናው ጠላት እሱ ነው። ተሕዋስያኑ ከሁሉ በላይ የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ15 በታች ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይቀዘቅዛል። እኛ አገር ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። እናቴ ጠዋት በበረዶ ውሃ በጥብጣ ወዲያው ነበር የምትለቀው። አሁን ጠዋት ትበጠብጥና መውረጃውን ደፍና ፀሐይ ላይ ትተወዋለች። ከምሳ በኋላ ሲሞቅ ትለቀዋለች። ጉብታው ላይ ደግሞ ደረቅ ገለባና ፍግ ከመርንበት። ፍግ ሲብላላ ራሱ ይሞቃል። ለውጡ ታይቷል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የጥር ጋዝ የሚያዝያን ያህል አይሆንም። ለእነዚያ ወራት ሌላ ማገዶ አስቡ።

የቀረው ገለባና አፈር ነው። ገለባ ከላይ ተንሳፍፎ ቅርፊት ይሠራል። ስትበጠብጡ ልቀሙት። በመግቢያው ረጅም እንጨት ሰዳችሁ አማስሉ። አፈርና አሸዋ ደግሞ ሥሩ ላይ እየተኛ ከዓመታት በኋላ ቦታውን ይበላል። ያኔ ማስጠረግ ያስፈልጋል። ይህንን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ራሱ ወደ ማብላያው እንዳይገባ። ውስጡ ኦክስጅን የለም፣ መርዛማ ጋዝም አለ። ሊያድነው የገባው ሰውም አይወጣም። የሠለጠነ ግንበኛ ጥሩ።

ነበልባሉ ይዘላል፣ ወይም ቢጫ ነው

የሚዘል ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውሃ አለ። ጋዙ እርጥብ ስለሆነ መንገድ ላይ ይጤዛል። የውሃ ማስወገጃውን በየሳምንቱ ክፈቱት። ቧንቧው መሃሉ ላይ ከረገበ አቃኑት። ቢጫ ከሆነ አየር አንሶታል። የምድጃውን የአየር ቀለበት ሰማያዊ እስኪሆን ክፈቱ፣ የእሳት ቀዳዳዎቹንም በሽቦ ጥረጉ።

የተበላሸ እንቁላል ይሸታል

ይህ አስቸኳይ ነው። ምድጃውንና ዋናውን ቫልቭ ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ እሳት አጥፉ። የት እንደሚያፈስ በክብሪት አትፈልጉ። ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል።

ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀቡ። አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። ቴፍሎን ጠምጥማችሁ አጥብቁት፣ ጎሚኒው ካረጀ ቀይሩት።

ሳይሸትም ሊያፈስ ይችላል። ማታ ምድጃውን ዝጉ፣ ዋናውን ቫልቭ ክፍት ተዉ፣ የግፊት መለኪያውን አንብቡ። ሌሊት ጋዝ ስለሚጨመር ጠዋት ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ከወረደ ያፈሳል። በማግስቱ ዋናውን ቫልቭ ዘግታችሁ ድገሙት። አሁንም ከወረደ ጥፋቱ ቧንቧው ላይ ነው። ካልወረደ ጉልላቱን ጠርጥሩ። የጉልላት ስንጥቅ የግንበኛ ሥራ ነው፤ ተጠርጎ እንደገና በሲሚንቶና በቀለም ይለሰናል። አፈሩ ተሸርሽሮ ጉልላቱ ፀሐይ ሲያገኘው ነው የሚሰነጠቀው፣ ስለዚህ አፈሩን መልሱለት።

ይህ ለወጥ ቤቱ ብቻ አይደለም። ባዮጋዝ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሣሩ ከአየር የወሰደው ነው፤ ይመለሳል፣ ሣሩ ደግሞ ይወስደዋል። ሳይነድ ያመለጠ ሚቴን ግን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በ20 ዓመት ሲሰላ ከ80 እጥፍ ያልፋል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ኩበት ደግሞ ብዙ ሚቴን አያወጣም። ሚቴኑን የፈጠርነው እኛ ነን፣ አየር በሌለበት ስላብላላነው። ስለዚህ የሚያፈስ ማብላያ ጭራሽ ካለመኖሩ ሊብስ ይችላል።

ክርክሩ ጭቅጭቅ ሲሆን

ባለፈው ፋሲካ እዚያው ወጥ ቤት በር ላይ ሙግት ተነሳ። አጎቴ ጀመረ። "ዓለምን ያጨሱት እነሱ፣ እበት የምንዝቀው እኛ!" የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ የአገሪቱን ዕቅድ ጠቅሳ ተከራከረች። ድምፅ ከፍ አለ።

እዚህም ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል። ሁለቱ የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነበር። አጎቴ የሚያወራው ስለ ፍትሕ ነው፣ እውነትም አለው። ከዓለም ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ 1 በመቶ አይሞላም። ዕዳው የእናቴ አይደለም። ግን እኮ ጋሼ፣ እናቴ ባዮጋዙን ያስቀበረችው የማንንም ዕዳ ለመክፈል አይደለም። ለዓይኗና ለሳንባዋ ነው። የሚወጣው ስለሪም፣ ማለትም የተብላላው ብጥብጥ፣ ለገብሱ ማሳ ፍግ ይሆናል። ኩበት ቢሆን ኖሮ ምድጃ ውስጥ አመድ ሆኖ ነበር የሚቀረው።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ያነሳችው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ነው። ዕቅዱ በ2030 እ.ኤ.አ. ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል የተባለውን ልቀት 150 ሚሊዮን ላይ ማቆም ነበር። በዚያ ሰነድ በ2010 እ.ኤ.አ. ከነበረው ልቀት 40 በመቶ በላይ የሚሆነው የከብት እርባታ ነው። "ስለዚህ ባዮጋዝ!" አለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የከብት ሚቴን አብዛኛው የሚወጣው ከአፏ ነው፣ ስታመሰኳ። ማብላያ እሱን አይይዘውም። ባዮጋዝ የሚረዳው ማገዶ በመተካት፣ ደን በማዳን ነው። ለከብቱ ሚቴን መኖና ዝርያ ላይ መሥራት ያስፈልጋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አገር አቀፉ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ታቅዶ የተሠራው 8,000 ገደማ ነው። ሰው በዚህ ቁጥር ይከራከራል፤ አነሰ፣ በዛ። የእናቴ ማብላያ በቆመባቸው ስምንት ወራት "ተሠርቷል" ተብሎ ሲቆጠር ነበር። የተቆፈረ ጉድጓድ አይደለም መቆጠር ያለበት፤ የሚነድ ምድጃ ነው። ለግንበኛው ከክፍያው ከፊሉ ከዓመት በኋላ፣ ምድጃው ሲነድ ታይቶ ቢሰጠው ጥሩ ነው። ጎሚኒና ቫልቭ በየወረዳ ከተማው ሱቅ ይገኝ። ሥልጠናውም ለአባወራው ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ለምትበጠብጠው ሴት ይሰጥ። የአየር ንብረት ጉባኤው ኮፕ 32 በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። እንግዶቹ አዲስ ማብላያ ብቻ አይታይላቸው፤ የአሥር ዓመቱም ይታይላቸው።

እንጀራው አልበስል አለ

ይህ ብልሽት አይደለም። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ የተሠራው ለድስትና ለጀበና ነው። ምጣድ ሰፊ ስለሆነ እሳቱ መሃሉን ያሳርርና ዳር ዳሩን ጥሬ ይተወዋል። ለባዮጋዝ ተብሎ የተሠራ ምጣድ አለ፣ ግን ጋዙን ይጨርሳል፤ ከብት ለበዛበት ቤት ነው የሚሆነው። ለእናቴ የገዛንላት "ምርጥ" የሚባለውን የሲሚንቶ የእንጀራ ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። በሦስት ቀን አንዴ በእሱ ትጋግራለች። ሽሮውና ቡናው በጋዙ ነው።

ትናንት ማታ ደወልኩላት። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ መለኪያው ስንት ላይ እንደዋለ ነገረችኝ።