«ጠረጠረ» እና «ተጠራጠረ»ን ሳያምታቱ ለመጠቀም

«ጠረጠረ» ወደ «አዎ» ያዘነብላል፤ «ተጠራጠረ» ልብን ለሁለት ይከፍላል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሹፌር «ቁልቁለቱ ላይ ጉም እንዳለ እጠረጥራለሁ» ቢሉት መብራቱን አብርቶ ቀስ ይላል። «ጉም መኖሩን እጠራጠራለሁ» ካሉት ግን «ያለ አይመስለኝም» ብለውታል፤ ሳይጠነቀቅ ቢሄድ አይፈረድበትም።

መለያው ቀላል ነው። ሐሳብዎን በ«ሳይሆን አይቀርም» ይጨርሱት፤ ከተስማማ «ጠረጠረ»ን ይጻፉ። «እውን ይሆን?» የሚለው ከቀረበው «ተጠራጠረ» ነው፤ በ«በ»ም ይሄዳል፦ «በቃሉ ተጠራጠርኩ»።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ስሙ ላይ ነው። ለፖሊስ በሚጻፍ ማመልከቻ ወንጀል ሠርቷል ተብሎ የሚታሰበው «ተጠርጣሪ» ነው፣ በ«ር»። በ«ራ» ከተጻፈ «ተጠራጣሪ» ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የነገሩትን ቶሎ የማያምን ሰው ነው።