ባል ለእንጨት ሥራ ጉባኤ ሲሄድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ ጋራዡን የእንጨት መሥሪያ ያደረገ ባል ያለን ሴቶች ጥቂት አይደለንም። የእኔም ባለቤት ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ ለመቅረጽ የሚያገለግል ማሽን) ከገዛ ወዲህ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ቀን የሚሄድበት ጉባኤ አለ። ደስ ብሎት ሲመለስ ማየት እወዳለሁ። ለዚህም ነው ጉዞውን የሚያበላሹትን ነገሮች አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል የምለው።

ጉባኤውን ሳይለዩ እሺ ማለት። "የእንጨት ስብሰባ" ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላል። አትላንታ ላይ በየሁለት ዓመቱ በኦገስት የሚደረገው ኢንተርናሽናል ዉድወርኪንግ ፌር በዋናነት የፋብሪካና የትልልቅ ወርክሾፕ ባለቤቶች ማሽን የሚያዩበት ነው። በ1986 የተመሠረተው አሜሪካን አሶሲዬሽን ኦቭ ዉድተርነርስ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀው ሲምፖዚየም ግን የቶርኖ ወዳጆች ነው፤ ባለሙያው ፊታቸው ቆሞ እየሠራ ያሳያቸዋል፣ ተሳታፊውም የሠራውን አምጥቶ ለእይታ ያስቀምጣል። ቅዳሜና እሁድ የእንጨት ሳህን ለሚሠራ ሰው የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ቀኑን ከቤቱ ቀጠሮ ጋር አለማስተያየት። ሰመር የሰርግና የምርቃት ጊዜ ነው፤ በጁላይ 4 ሰሞን ደግሞ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ። የሥራ ፈቃዱም ገንዘቡም ለሁሉም አይበቃም። ምዝገባ ከመከፈሉ በፊት ተነጋገሩ።

በዘይት የራሰ ጨርቅ ትቶ መሄድ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ለእይታ የሚወሰደው ሳህን ብዙ ጊዜ ዘይት የሚቀባው በመሄጃው ዋዜማ፣ ማታ፣ በጥድፊያ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተዘረጋ ሙቀቱ ይበተናል። ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀምና ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። ይህ የሚሆነው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ እሱ መንገድ ላይ፣ እናንተና ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ ማለት ነው። ዙሪያው ሰጋቱራ ከሆነ ደግሞ እሳቱ አያቆምም። ስለዚህ ሳይወጣ ጋራዡን አብራችሁ ዙሩ። "ጨርቆቹ የት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁት። ከቤት ራቅ ባለ ሲሚንቶ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግተው እስኪደርቁ ይቆዩ፤ አለዚያ ውኃ ባለበት ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ይነከሩ። እግረ መንገዳችሁን ቶርኖውን ከሶኬት ንቀሉ፣ የጋራዡንም በር ቆልፉ። ልጆች አባታቸው ሲሄድ የአባታቸውን ዕቃ መነካካት ይወዳሉ።

ሻንጣውን በችኮላ ማሰር። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ ከ7 ኢንች የሚረዝም መሣሪያ ይዞ ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም፤ መሮውና መጋዙ በሚጫነው ሻንጣ ይሂዱ፣ ስለታቸውም ይሸፈን። የመሰርሰሪያው ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን በተቃራኒው የሚገባው እጅ ሻንጣ ውስጥ ነው። በቀላሉ እሳት የሚይዝ ቫርኒሽ በሁለቱም አይፈቀድም።

የገንዘቡን ልክ አለመወሰን። አዳራሹ ውስጥ ሻጮች አሉ፣ "ለዛሬ ብቻ" የሚባል ቅናሽም አለ። ሳይሄድ አንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ። ከዚያ በታች ለገዛው ሁሉ ደረሰኝ መጠየቅ ደግሞ የእናንተ ስህተት ይሆናል።

ቀኑን ሙሉ መደወል። አንድ ትምህርት ሰዓት ተኩል ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ መሃሉ ላይ የወጣ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል። የማታ ሰዓት ቁረጡ፤ እሱም በሰዓቱ ይደውል። ቤት የቀረው ሰው ሦስት ቀን ልጅ ብቻውን ሲጠብቅ መዋሉን የሚያስታውስ ባል ማታ ላይ ስለ ሳህን ከማውራቱ በፊት "እናንተስ እንዴት ዋላችሁ?" ይላል።

ቅርፊት ያለው ግንድ ጭኖ መምጣት። በመኪና የሚመለሱ ሰዎች ያልደረቀ ግንድ ይዘው መምጣት ይወዳሉ። ቅርፊቱ ሥር ግን ተባይ ይኖራል። በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘው አረንጓዴ ጥንዚዛ በሚሊዮን የሚቆጠር የአሽ ዛፍ ያጠፋው በከፊል ሰዎች እንጨት ከቦታ ቦታ ስላጓጓዙለት ነው። ስለዚህ የየስቴቱን ደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ቅርፊቱ የተላጠና በሙቀት የታከመ እንጨት ይሻላል።

ሳህኑን ቶሎ ጨርስልኝ ማለት። ከጉባኤው ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ቁራጭ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ ሰም የተቀባውም ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። መጀመሪያ ወፍራም አድርጎ ይጠርበዋል፦ ስፋቱ 10 ኢንች ከሆነ የግድግዳው ውፍረት 1 ኢንች ያህል። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ከትቶ ለወራት ያስቀምጠዋል። ለእንግዳ ይድረስልኝ ተብሎ በእርጥቡ ከተጨረሰ ይጣመማል፣ ሞላላ ይሆናል፣ ጠረጴዛ ላይም ይንገዳገዳል። በየሁለት ሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል፣ ያን ጊዜ ቶርኖው ላይ ይመለስ።