በኮምፒውተር አምቢየንት ሙዚቃ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ድባብ ለመፍጠር በሚሠራው በአምቢየንት ሙዚቃ ውስጥ ስህተት መደበቂያ የለውም። ከበሮ ባለበት ዘፈን አንዲት ቀጭን ጠቅታ ማንም አይሰማትም፤ ለ20 ደቂቃ በዝግታ በሚፈስ ድምፅ ውስጥ ግን በየዙሩ ጆሮ ትወጋለች። ከዚህ በታች ያለው በፒዩር ዳታም፣ በኦዳሲቲም፣ በሌላ የድምፅ ፕሮግራምም ለሚሠራ ሰው ያገለግላል።

ሉፖችን እርስ በርስ በሚካፈል ርዝመት መቁረጥ

ሉፕ እየተደጋገመ የሚነሣ የድምፅ ቁራጭ ነው። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። 4፣ 8 እና 16 ሰከንድ የሚረዝሙ ሦስት ሉፖች አብረው ቢነሡ በየ16 ሰከንዱ ያው ነገር ይመለሳል፤ አድማጩ በሦስተኛው ዙር ሁሉንም ሸምድዶታል። ርዝመታቸውን 17፣ 19 እና 23 ሰከንድ ያድርጉት። ሦስቱ እንደገና አብረው የሚነሡት ከ7,429 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ከ2 ሰዓት በላይ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአየር ማረፊያ ብሎ ባወጣው አልበም ይህንኑ በቴፕ ሠርቶታል፤ አንዱ ድምፅ በየ23 ሰከንድ ተኩል፣ ሌላው በየ26 ሰከንድ፣ ሌላው በየ30 ሰከንድ ገደማ ይመለስ ነበር።

በሉፑ ውስጥ ዝምታም ይተዉ። 17ቱም ሰከንድ በድምፅ ከተሞላ የርዝመቱ ልዩነት አይለይም፤ ሁሉም ተደራርቦ ጭቃ ይሆናል። ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ድምፅ ይበቃል፣ ቀሪው ጸጥታ ይሁን።

መገጣጠሚያውን ሳያለሰልሱ መተው

ጠቅታው የሚመጣው የሞገዱ መጨረሻና መጀመሪያ በከፍታ ስለማይገጥሙ ነው። በዝምታ ለሚያልቅ ድምፅ ጫፍና ጫፉ ላይ 10 ሚሊሰከንድ ፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ ማጉላት ወይም ማክሰም) በቂ ነው። ሳይቋረጥ ለሚቀጥል ድምፅ ግን የመጨረሻውን 2 ሰከንድ ቆርጠው በመነሻው ላይ ይደርቡት፤ የተቆረጠው እየከሰመ፣ መነሻው እየጎላ ይሂድ። ፌዱ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ መሃሉ ላይ 3 ዴሲቤል ያህል ስለሚጎድል ሉፑ የሚተነፍስ ይመስላል። ኩርባውን ይምረጡ።

ግሬይኖችን በእኩል ልዩነት መርጨት

ግራኑላር ሲንተሲስ ድምፅን ወደ ጥቃቅን ቁራጮች፣ ማለትም ወደ ግሬይኖች፣ ከፍሎ መልሶ ይበትናል። ቁራጮቹ በትክክል በየ10 ሚሊሰከንዱ ከተነሡ ግን ማንም ያልፈለገው የ100 ኸርዝ ጩኸት ይፈጠራል። የመነሻ ጊዜያቸውን በዘፈቀደ ያዛቡት። ለሰው ድምፅ ከ60 እስከ 120 ሚሊሰከንድ የሚረዝም ቁራጭ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከ10 በታች ሲወርድ ቃሉም ቃናውም ይጠፋል። 16 ቁራጮች ሲደራረቡ ድምፁ 12 ዴሲቤል ያህል ስለሚጨምር አስቀድመው ይቀንሱለት።

በገናን ወደ ሲንቱ መጎተት

የአገራችንን መሣሪያ ለሚጠቀሙ ይህ ከባድ ጥፋት ነው። በጆሮ የተቃኘ የበገና አውታር 112 ኸርዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥረው መሣሪያ፣ በሲንቱ፣ ላይ ቅርቡ ኖታ 110 ነው። ሁለቱ አብረው ሲሰሙ ድምፁ በሰከንድ 2 ጊዜ ይርገበገባል። ብዙዎች ያን ጊዜ በገናውን በማረሚያ ፕሮግራም ወደ 110 ያወርዱታል፤ ቅኝቱም አብሮ ይሞታል። ሲንቱን ወደ በገናው ያምጡት፦ እያንዳንዱን አውታር በቲዩነር ለክተው የኸርዙን ቁጥር በቀጥታ ያስገቡ። መርገብገቡን ከወደዱት 112.1 ይበሉት፤ በ10 ሰከንድ አንዴ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያማረ ነው።

ድምፅ ማጽጃ መሣሪያም በገና ላይ በቁጠባ ይጠቀሙ። አውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ የሚሰጠውን ነዛሪ ድምፅ እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ሊያነሣው ይችላል። ድምፅን እጅግ የሚለጥጠው ፖልስትሬች ደግሞ የጣቱን ምት ያደበዝዛል፤ 8 እጥፍ የለጠጡት ድምፅ ላይ ያልተለጠጠውን ዝቅ አድርገው ቢደርቡበት ምቱ ይመለሳል። ቀረጻው ከመነሻው 48,000 ኸርዝ፣ 24 ቢት ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን። በኤምፒ3 የተጨመቀ ፋይል ሲለጠጥ የመጨመቁ ጉድለት አብሮ ተለጥጦ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

ሪቨርብንና ዲሌይን ሳይገድቡ መልቀቅ

የአዳራሽ ማስተጋባት ወደሚሰጠው ሪቨርብ ከሚገባው ድምፅ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ፤ ያለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ተከማችቶ ሌላውን ይውጣል። ዲሌይ ድምፅን አዘግይቶ ይደግማል፤ ፊድባኩ፣ ማለትም ተመልሶ የሚገባው ድምፅ መጠን፣ 1 ከደረሰ ድምፁ አይከስምም፣ ካለፈ ደግሞ እያበጠ ድምፅ ማጉያም ጆሮም ይጎዳል። 0.85 ላይ የግማሽ ሰከንድ ዲሌይ ለመክሰም 21 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ያ ይበቃል። መውጫው ላይ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚገድብ) ሳያስገቡ ፊድባክ አይሞክሩ።

እንደ ራዲዮ ዘፈን ማስጮህ

የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይ በመደበኛ አሠራሩ ድምፅን ከዜሮ በታች ወደ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያስተካክላል፤ ከዚያ በላይ የጮኸው ይቀነሳል፣ ያጣው ልስላሴ ግን አይመለስም። ለዚህ ሙዚቃ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ሉፍስ ምቹ ነው።

ሳይቀርጹ መሞከር

በዘፈቀደ የሚሠራ ፓች (በፒዩር ዳታ ዓይነት ፕሮግራም የተገጣጠመ የድምፅ አሠራር) ያንኑ ድምፅ ሁለተኛ አይሰጥም። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይቅረጹ፤ በ24 ቢት ስቴሪዮ 1 ሰዓት የሚወስደው 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ላፕቶፑን ሞልተው ይጀምሩ፤ በድንገት የተዘጋ ዌቭ ፋይል ብዙ ጊዜ አልከፈት ይላል።