ባለ በረዶ ኮከብ የአይስላንድ ሹራብ እንዴት ይሠራል?

አይስላንዶች ሎፓፔይሳ ይሉታል። ትከሻው ዙሪያ ጥለት የሚዞርበት የሱፍ ሹራብ ነው። ብዙ ሰው የጥንት ይመስለዋል፤ ይህ መልኩ ግን የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የጥንቷ በጓ ናት። ከላይ ውሃ የሚገፋ ረጅም ጸጉር፣ ከሥር የሚያሞቅ ለስላሳ ጸጉር አላት። ክሩ ከሁለቱም ስለሚሠራ ይሞቃል፣ አይከብድም። ይኮሰኩሳል ግን፤ ከውስጥ ቲሸርት ልበሱ።

ደረቱ ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እንሥራ። ወደ 500 ግራም ሰማያዊና 100 ግራም ነጭ ክር ይበቃል። ጫፎቹ በገመድ የተያያዙ ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር ዙር መርፌ ያስፈልጋል። ለእጅጌው ደግሞ በሁለት ወገን ሹል የሆኑ አጫጭር መርፌዎች።

መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ናሙና ሥሩና ለኩ። በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ዓይን (መርፌው ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) መውጣት አለበት። 20 ከወጣ ሹራቡ 90 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ያርፈዋል፤ ወፍራም መርፌ ያዙ።

ለገላው 180 ዓይን መርፌው ላይ ጣሉና (ማለትም ጀምሩና) ዙሩን ግጠሙ። አንድ ቀጥ (አዲሱን ቀለበት ከኋላ ወደ ፊት መሳብ)፣ አንድ ግልብጥ (ከፊት ወደ ኋላ መሳብ) እያላችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ሥሩ። ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር እስኪሞላ በቀጥ ብቻ መዞር ነው። ሬዲዮ እየሰማችሁ ይሠራል። እጅጌው በ40 ዓይን ይጀምራል፤ ከጠርዙ በኋላ በየ9 ዙሩ ሁለት ሁለት እየጨመራችሁ 60 አድርሱት። 45 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም ይበቃዋል። ሁለት እጅጌ መሆኑን አትርሱ፣ ሁለተኛው ላይ ነው ሰው የሚሰለቸው።

አሁን ሦስቱን አንድ መርፌ ላይ አምጡ። ብብት በሚሆንበት ቦታ ከገላው በየጎኑ 9፣ ከየእጅጌውም 9 ዓይን በትርፍ ክር ላይ አቆዩ። መርፌው ላይ 264 ይቀራል። ይህ ቁጥር ለ8 እኩል ይካፈላል፤ 33 ኮከብ ይወጣዋል።

ጥቂት ዙር በሰማያዊ ሥሩና ኮከቡን ጀምሩ። በየ8 ዓይኑ እንዲህ ነው፦

1ኛ ዙር፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ከዚያ 3 ሰማያዊ።
2ኛ ዙር፦ 1 ሰማያዊ፣ 3 ነጭ፣ 4 ሰማያዊ።
3ኛ ዙር፦ 5 ነጭ፣ 3 ሰማያዊ።
4ኛው እንደ 2ኛው፣ 5ኛው እንደ 1ኛው።

ጭንቁ ያለው ከኋላ ነው። ያልሠራችሁበት ቀለም በጀርባ በኩል ተሻግሮ ያልፋል። እሱን ከሳባችሁት ሹራቡ ይኮማተራል። የመጀመሪያዬ ጭንቅላቴን አላሳልፍ ብሎ ፈትቼዋለሁ፤ የሦስት ሳምንት ልፋት! አሁን ቀለም ከመቀየሬ በፊት ቀኝ መርፌ ላይ ያሉትን ዓይኖች በጣቴ ዘርግቼ ነው ክሩን የማሻግረው። ጀርባው ላይ ጋደም ብሎ ሲታይ ልክ ነው። ነጩ ደግሞ ሁልጊዜ ከሥር፣ ሰማያዊው ከላይ ይምጣ። ከሥር የሚመጣው ቀለም ጎልቶ ይታያል፤ ቦታ ካቀያየራችሁ ግማሹ ኮከብ ይደበዝዛል። እጃችሁ ጠበቅ የሚያደርግ ከሆነ ለጥለቱ 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ያዙ።

መቀነስ የሚሠራው ባለ አንድ ቀለም ዙር ላይ ነው። ከብብቱ 9 ሳንቲ ሜትር ላይ፦ 2 ሥሩ፣ ቀጣዮቹን 2 እንደ አንድ ዓይን አንድ ላይ ሥሩ፣ እስከ ዙሩ መጨረሻ እንዲሁ፤ 198 ይቀራል። 15 ላይ፦ 1 ሥሩ፣ 2ቱን አንድ ላይ፤ 132። 19 ላይ እንደ መጀመሪያው፤ 99። በመካከላቸው 1 ነጭ 2 ሰማያዊ እያደረጋችሁ ጠብታ በረዶ ብትጥሉበት ያምራል። በመጨረሻ አራርቃችሁ ወደ 80 አውርዱት፣ 3 ሳንቲ ሜትር የአንገት ጠርዝ ሥሩና ላላ አድርጋችሁ ዝጉ።

የብብቱን ዓይኖች ፊት ለፊት በመርፌ ስፉ። ለብ ባለ ውሃ ንከሩት፣ ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭመቁት፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርጉት። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት እጅጌው ጉልበት ይደርሳል። እርጥብ ሳለ የተጨማደደውን ኮከብ በመዳፋችሁ ደልድሉት፤ ሲደርቅ እንደዚያው ይቀራል።