በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብን በአመጋገብ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

በግ ሲበለት ያየ ሰው አንጀቱን የሸፈነውን ነጭ ሞራ ያውቀዋል። በሰው ሆድ ውስጥም በጉበት፣ በቆሽትና በአንጀት ዙሪያ ተመሳሳይ ስብ ይከማቻል። ይህኛው ከቆዳ ሥር ካለውና በጣት ቆንጥጠን ከምንይዘው ስብ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ከእርሱ የሚለቀቀው ቅባት በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ጉበት በሚያመራ የደም ሥር ስለሚጓዝ ጉበትን በስብ ያጨናንቃል፤ የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን፣ የኢንሱሊንም ሥራ ይስተጓጎላል። የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት ከሚጨምርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ቀጭን መስለው ይህ ስብ የበዛባቸው ሰዎች ስላሉ በመጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ሜትር ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት የላይኛው ጫፍ መካከል ሜትሩን ያዙሩ። ሆድዎን ወደ ውስጥ ሳይስቡ፣ እንደ ወትሮው ተንፍሰው ሲጨርሱ ቁጥሩን ያንብቡ። በሱሪ ቁጥር አይተማመኑ፤ ብዙ ወንዶች ሱሪያቸውን የሚታጠቁት ከቦርጫቸው በታች ነው። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከ85 በታች ሊሆን ይገባዋል ማለት ነው። ያገኙትን ቁጥር ይጻፉት።

ከዚያ ወደ ማድ ቤት ይግቡና ዘይትዎን ይመልከቱ። እኔ ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የታተመ የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 39 ጤናማ ሰዎችን ለ7 ሳምንታት ከመደበኛ ምግባቸው በላይ ኬክ አብልቶ ነበር፤ ለአንደኛው ቡድን በፓልም ዘይት፣ ለሌላኛው በሱፍ ዘይት የተጋገረ። የሁለቱም ቡድኖች ክብደት በ1.6 ኪሎ ግራም ያህል ጨመረ። ፓልም የተመገቡት ግን በሆድ ዕቃቸው ዙሪያ ያጠራቀሙት ስብ የሌሎቹን እጥፍ ነበር፤ ጉበታቸውም ላይ ስብ ጨመረ። የተበላው ብዛት ብቻ ሳይሆን የቅባቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል ማለት ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የምግብ ዘይት አብዛኛው ፓልም ነው፤ ከፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በብርድ የሚረጋ (ሳቹሬትድ) ቅባት ነው። ኑግ ከሱፍ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው፤ የዘይታቸውም ጠባይ ይቀራረባል። ኪስ ከፈቀደ ወደ ኑግ ወይም ወደ ሱፍ ዘይት ይዙሩ። ካልፈቀደ መጠኑን መቀነስ ምንም ወጪ የለውም፤ ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ከማንቆርቆር በማንኪያ ይለኩ። ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ ሲቀርብ እንግዳው የተናቀ የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ልማድ ቢቀር አላዝንም። ንጥር ቅቤም የሚረጋ ቅባት ስለሚበዛበት ለዓመት በዓል ይቆይ። ጾም ነው ብሎ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ማብዛትም አያዋጣም።

ቀጥሎ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብና ከመጠጥ ጋር የሚጨመር ስኳር ከዕለታዊ ኃይል 10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ጠርሙስ ኮላ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ይይዛል። የስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ የተባለ የስኳር ዓይነት ነው፤ ሲበዛ ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስለዚህ ለስላሳውን በውኃ ይተኩ፣ የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። ቢራና ድራፍትም ይቀንሱ።

አሁን ትሪው ላይ ደርሰናል። እንጀራ ጠላት አይደለም፤ ችግሩ ሁለት እንጀራ በጥቂት ወጥ መበላቱ ነው። እንጀራውን ቀንሰው ጎመኑን፣ ምስሩንና ክኩን ያብዙ። ጥራጥሬ ፕሮቲንና አሰር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) አብሮ ስለሚሰጥ ቶሎ ያጠግባል፣ ጥጋቡም ይቆያል። ጎልማሶችን ለ5 ዓመታት በተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ በየቀኑ የሚበላው በውኃ የሚሟሟ አሰር በ10 ግራም በጨመረ ቁጥር የዚህ ስብ የመከማቸት ፍጥነት በ3.7 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ይህን አሰር የሚሰጡት ባቄላና አጃ ግን ቅንጦት አይደሉም።

በጀርባ ተኝቶ ቀና የማለት ስፖርት (ሲት አፕ) የሆድ ጡንቻን እንጂ ስቡን ለይቶ አይነካም፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይሻላል።

በወሩ መጨረሻ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት እንደገና ይለኩ። ክብደት ሲቀንስ በመቶኛ ሲሰላ የውስጡ ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይበልጥ ስለሚሄድ ሜትሩ ከሚዛኑ ቀድሞ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን እንጀራውን ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ቢቀነስ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።