ከማይክ ወደ ካሜራ፦ ለማርቆሱ ልጅ የነገርኩት

ባለፈው እሑድ ከደብረ ማርቆስ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ማሲንቆ ይመታል፤ ኪቦርድም ይነካካል። ድምፁ ወፈር፣ ሞቅ ያለ ነው። ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሲሰማ ነው የሚያድረው። «እታለም፣ ፊልም ልሠራ ነው መሰለኝ። ሐሙስ ባሕር ዳር ኦዲሽን አለ። ምን ላድርግ?» አለኝ። ሃያ ደቂቃ አወራሁትና ካርዱ አለቀበት። የቀረውን እዚህ እጽፍለታለሁ። ዘፋኝ ሆናችሁ ትወና የሚያምራችሁም አብራችሁ አንብቡት።

እኔ የተወለድኩት ደምበጫ ነው። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ መዝፈን ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። የሠራሁባቸው ፊልሞች አራት ናቸው። በሁለቱ ዘፋኝ ሆንኩ፣ በአንዱ ጎረቤት፣ በአንዱ ደግሞ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ሴት። እናቴ ዛሬም «አዝማሪነቱ ሳያንስ!» ትላለች። የምመክርህ ብዙ ስለተሳሳትኩ ነው።

ሶል ከወደድህ አይዛክ ሄይስን ታውቀዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቴነሲ ውስጥ ተወለደ። አያቶቹ አሳደጉት፤ ልጅ ሆኖ ጥጥ ለቅሟል። መዝፈን የጀመረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በኋላ ሜምፊስ ከተማ ስታክስ የሚባለው ሙዚቃ ቤት ገብቶ ለሌሎች ዘፈን ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው አልበም ላይ ያሉት ዘፈኖች አራት ብቻ ናቸው። አንዱ ከ18 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ግማሽ የሚጠጋውን ጊዜ አይዘፍንም፤ ያወራል። ኦርጋኑ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቀዋል። እሱ ቤቱን ትቶ ስለሚሄድ ሰው በዝግታ ይነግርሃል። ፊልም ሳይሠራ ትወናውን እዚያ ጀምሮታል ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ራሱ ተናግሯል። ክለብ ውስጥ ሰዉ ወሬ ይዟል፤ ማንም አይሰማውም። አንዷን ኮርድ ይዞ ማውራት ጀመረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ጣና ዳር ቅዳሜ ማታ የሚሆነው ይኸው ነዋ! አንዱ ጥብስ ያዝዛል፣ አንዱ በስልክ ይጨቃጨቃል፣ አንዱ ግንባርህ ላይ ብር ሊለጥፍ እየተንገዳገደ ይመጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ልምምድ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ሥራ ቦታህ አድርገው። ትዝታ ከመግባትህ በፊት አንድ ኮርድ ያዝና ሁለት ደቂቃ አውራ። አትግጠም፣ አታዚም። አንድ ሰው ምረጥ፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሽማግሌ ይሁኑ። ለእሳቸው ብቻ ንገራቸው። ያቺን ልጅ የት አየሃት? ቡሬ መናኸሪያ? ምን ይዛ ነበር? ዘንቢል? መኪናው ሲነሣ ምን አለችህ? ሽማግሌው ብርጭቋቸውን ካስቀመጡ ተሳክቶልሃል። ጥርሳቸውን መጎርጎር ከጀመሩ ነገ እንደገና ሞክር። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በአራተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት «ለወሬ አይደለም የምከፍልሽ» ብሎኝ ነበር። በወሩ ግን «ያቺን ወሬሽን ዛሬ አታወሪም እንዴ?» አለኝ።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። እኛ ዘፋኞች መስጠት እናውቃለን፤ መቀበል ይቸግረናል። ማይኩ በእጃችን ስለሆነ ሰው ይሰማናል። እኛ ማንን እንሰማለን? ካሜራ ፊት ግን ሌላው ሲናገር ያንተ ፊት ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያ ፊልሜ ላይ አብሮኝ የሚተውነው ሰው ሲያወራ እኔ የራሴን ቃል በሆዴ እያነበነብኩ ነበር። ዳይሬክተሩ ጠርቶ በሞኒተሩ አሳየኝ። ባሌ ሊሞት መሆኑ እየተነገረኝ፣ መኪና የምትጠብቅ ሴት መስያለሁ።

መድኃኒቱ ያለው አዝማሪ ቤት ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን አንዴ ነው የሚነግርህ። ከአፉ ነጥቀህ፣ የራስህ አስመስለህ፣ በዜማ ትመልስለታለህ። ያኔ ዓይንህ የት ነው? ከንፈሩ ላይ። ካሜራው የሚፈልገው ያንን ዓይን ነው። ደግሞ ታውቃለህ፣ የጎጃም ሰው ስንኝ ሲሰጥህ ሰሙን ብቻ ይዘህ ከሮጥህ ጉድ ትሆናለህ። ቤቱ ይስቃል፤ አንተ ምን እንዳልህ አታውቅም። ስክሪፕትም እንዲሁ ነው። «እራት በልተሃል?» የሚል መስመር አለ እንበል። ሰሙ እራት ነው። ወርቁ «የት አመሸህ?» ይሆናል። እርሳስ ያዝና ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ወርቁን ጻፍ። የራስህን ብቻ አይደለም፤ የሌላውንም ሰው። ከዚያ ጓደኛህ ያንብብልህ። ተናግሮ ሳይጨርስ አትግባበት። ሲጨርስ አንዴ ተንፍስ፣ ከዚያ መልስ። ኦዲሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያነብልህ ሰው ስሜት የለውም፤ እንደ ስም ጥሪ ነው የሚያነበው። ቢሆንም ከእሱ ተቀበል።

አሁን ደግሞ ወደ ድምፅህ። የሆቴል ዘፋኝ በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ጭምር ነው የሚዘፍነው። የፊልም ማይክ ግን ደረትህ ላይ ተደብቋል፤ ወይም ከራስህ በላይ በዘንግ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛ ማዶ ለተቀመጠ ሰው የሚበቃ ድምፅ ይበቃዋል። ስልክህን የሆነ ነገር አስደግፈህ አቁም፤ አንድ ክንድ ያህል ራቅና ሦስት መስመር ተናገር። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተህ እየው። ቅንድብህ በየቃሉ የሚዘልል ከሆነ መድረክ ላይ ነህ ማለት ነው። ቀጥለህ ስልኩን ገልብጠህ ድምፁን ብቻ ስማ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፅህ እንደ ዘፈን ማሳረፊያ የሚወርድ ከሆነ እያዜምህ ነው። የእኔ በሽታ ይህ ነበር። የተሻለኝ ቡና እየቆላሁ ቃሌን ስናገር ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ዜማውን ይረሳል። ቡናው ሁለቴ አርሮብኛል፤ ግን ሠርቷል።

የቀረጻ ቀን ብዙ መጠበቅ ነው። ምሳህን ብላ፣ ጋቢ ያዝ። በተለይ ወደ ጮቄ ከወጣችሁ ቀልድ የለም፤ ተራራው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ የጧት ብርድ ጉሮሮህን ይዘጋዋል። በዋዜማው ማታ ሆቴል አትሥራ።

ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ጧት ትቀበራለህ፣ ከሰዓት ትድራለህ። አንዱ ትዕይንት ደግሞ ተደጋግሞ ይቀረጻል። እጅህም፣ ብርጭቆህም፣ ነጠላህም በየጊዜው እዚያው ቦታ መሆን አለባቸው። እኔ ይህን መቼ አውቄ! የምሳ ትዕይንት ነበር፤ ርቦኛል። ሽሮዋን በትልቁ ጎረስኩ። እስከ መጨረሻው እንደዚያው መጉረስ ግድ ሆነ። 9 ጊዜ ነው የቀረጹት። ማታ መድረክ ላይ ትንፋሼ ከሽሮው በላይ አልወጣ አለ። አንተ ትንሽ ቁረስ፤ ቀስ ብለህ አኝክ። ዘፈን ያለበት ትዕይንት ከሆነ ደግሞ የተቀዳው ዘፈን ይከፈትልሃል። አፍህን ብቻ አታንቀሳቅስ፤ ጮክ ብለህ ዝፈን። የአንገትህ ሥር ያጋልጥሃል።

«ዋናውን ገጸ ባሕሪ ባይሰጡኝስ?» ብለኸኝ ነበር። አይሰጡህም ይሆናላ! ሄይስ «ሻፍት» ለተባለው ፊልም ሙዚቃ ሊሠራ የተስማማው ለዋናው ሚና ሊፈትኑት ቃል ስለገቡለት እንደነበር ተናግሯል። ፈተናው አልመጣም። ሚናውን ሪቻርድ ራውንድትሪ ሠራው። ሄይስ ሙዚቃውን ጨርሶ አስረከበ። ፊልሙ ላይ ባርማን ሆኖ ለአፍታ ብቅ ይላል፤ በቃ። ለፊልሙ በሠራው ዘፈን ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ኦስካር ወሰደ። በምርጥ ዘፈን ዘርፍ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 «ትራክ ተርነር» ላይ ዋናውን ሚና ይዞ ሙዚቃውንም ራሱ ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ የቴሌቪዥን ካርቱን ላይ በድምፁ ብቻ ተወነ፤ ያንን ወፍራም ድምፅ ማን ይጠላል? ስለዚህ ማሲንቆህን ይዘህ ግባ። ለትወና ባይሆንህ ሙዚቃ ይፈልጉ ይሆናል። ሩቅ ሳንሄድ የኛዋ አስናቀች ወርቁ ክራሯንና ቴአትሩን አጣምራ ነው የኖረችው። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ነበረች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። ያ ሁሉ ስም የነበረው ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1976 ከሰረ። እስከዚያ ከጻፋቸው ዘፈኖች ወደፊት የሚገኘውን ገቢ ሳይቀር አጣ። የእኔ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ፊልም ላይ ለአንድ ቀን ትወና ተከፈለኝ። መሀል ላይ ዳይሬክተሩ «እስቲ እንጉርጉሮ ቢጤ» አለኝ፤ አንጎራጎርኩ። «የዘፈኑን በኋላ እንነጋገራለን፣ እንተዋወቅ የለ?» ተባለ። ፊልሙ ሲወጣ እንጉርጉሮዬን ማስታወቂያው ላይ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚያነሣልኝ የለም። ስማቸውን አልጠራም፤ አንተ ግን ተማርበት።

የትወናውና የዘፈኑ ውል ለየብቻ ይሁን። ሁለቱም በጽሑፍ፤ አንድ ቅጂ አንተ ዘንድ ይቅር። የስንት ቀን ቀረጻ እንደሆነ፣ ቀኑ ካለፈ ስንት እንደሚጨመር፣ ትራንስፖርትና አልጋ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ዘፈኑ ከፊልሙ ውጪ ዩቲዩብ ላይ ቢወጣ ገቢው የማን ነው? ይህም ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። የከዋኙንም፣ ማለት የሚዘፍነውንና የሚተውነውን ሰው መብት ይጠብቃል። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየጋበዙህ ፈርም ቢሉህ «አንብቤ ነገ አመጣዋለሁ» በል። ሰው ከሆኑ አይቀየሙህም። የሆቴል ሥራህንም አትልቀቅ፤ ፊልም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፣ የቤት ኪራይ በየወሩ ነው።

በል እንግዲህ። ሐሙስ እንዳይረፍድብህ ረቡዕ ግባ። የማሲንቆህን ጭራ ቀይረው፤ ባለፈው ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ስትደርስ ደውል፤ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ያንን «እራት በልተሃል?» የሚለውን መስመር ቤት ሄደን አብረን እናነበዋለን። እኔ እንደ ስም ጥሪ ነው የማነብልህ።