ከዜና ክፍል ወጥቶ የፋሽን ቪዲዮ መሥራት እንዴት እንደሚጀመር፦ ከጎንደር

ስምንት ዓመት ዜና ሠርቻለሁ። አብዛኛውን በሬዲዮ፣ የመጨረሻውን ሁለት ዓመት በቴሌቪዥን። ዛሬ ጎንደር ተቀምጬ የራሴን የፋሽን ገጽ አዘጋጃለሁ፣ ቪዲዮም እሠራለሁ። «እንዴት ጀመርሽው?» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞቼ ስለበዙ መንገዱን በቅደም ተከተል ልጽፈው። ቀላሉን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ። እኔን የፈጀኝ ላይ ግን ቆም እላለሁ።

1. ሳትለቁ ጀምሩ

ደሞዝ እያለ ቢያንስ አሥር ቪዲዮ ሥሩ። በእረፍት ቀናችሁ፣ በራሳችሁ ስልክ። የመሥሪያ ቤቱን ካሜራና ኮምፒውተር አትንኩ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዎቼን ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር አቀናብሬ፣ ስለቅ ፋይሎቹ እዚያው ቀሩ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደሩ ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳትይዙ ከበሩ አትውጡ። «ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብዬ ወጥቼ ለአንድ ወረቀት ስመላለስ ከርሜያለሁ። የስድስት ወር የቤት ኪራይም በእጃችሁ ይኑር። ከዚያ ባነሰ ገንዘብ መውጣት አልመክርም።

2. አንድ ነገር ምረጡ

ዜና ላይ ሁሉንም መሸፈን ለምዶብናል። እዚህ ግን አይሠራም። ስለ ጫማ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ሜካፕ ሁሉ የሚያወራ ሞልቷል። ጎንደር ላይ ቁጭ ብላችሁ ማንም የማይቀማችሁ ነገር ሸማ ነው። ሸማኔው ሰፈር ውስጥ አለ፣ ጥልፍ ሠሪው ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አለ፣ ለጥምቀት ጃኖ የሚያሠራው ወጣት አለ። ሞዴል ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት የመሠረተችው የሸማኔዎቻችንን እጅ ይዛ ነው። ዓለም የሚፈልገው ልብስ መነሻው የት እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን።

3. ዕቃ

ደህና ካሜራ ያለው ስልክ፣ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ፣ የማይንቀጠቀጥ ትራይፖድ። በቃ። ለማቀናበር ካፕካት የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይበቃል። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ማይኩን ግዙ፤ ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገስም። ሪንግ ላይት አያስፈልጋችሁም። ለፊትና ለሜካፕ የሚመች ክብ መብራት ነው። ሽመናን ከፊት ለፊት መትቶ ጨርቁን ልሙጥ ያደርገዋል።

4. ነጭ ልብስ መቅረጽ

አሁን ወደ ዋናው ችግር መጣን። እኛ የምንቀርጸው ነጭ ልብስ ነው፤ የስልክ ካሜራ ደግሞ ነጭ ላይ ይሳሳታል።

ካሜራው ፊቱ ያለውን ብርሃን ለክቶ ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ነጭ ቀሚስ ስክሪኑን ከሞላው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ቀሚሱ አመድ ይመስላል፣ የለባሿ ፊት ይጠቁራል። ከኋላ ጠቆር ያለ ነገር ካለ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የጨለመ ይመስለውና ያበራል፣ ያኔ ነጩ ይቃጠላል። የፈትሉ መስመርም የጥለቱ ቀለምም ጠፍቶ ልብሱ ወረቀት ይመስላል። የፋሲል ግንብ ድንጋይ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ነጭ ለብሶ ግንቡን የተደገፈ ሰው ለስልክ ካሜራ ከባድ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ሁሉም ፎቶ መነሳት የሚፈልገው እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሽማግሌ ሸማኔ የሠሩትን የጥምቀት ቀሚስ ልቀርጽ ተስማማሁ። ጥለቱ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ጥር 11 ቀን፣ ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ቀረጽኩት። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሷል፣ ስልኬ ላይ ሳየው አምሮልኛል። ቤት ገብቼ በትልቅ ስክሪን ስከፍተው ጥለቱ የለም። አረንጓዴው ጠፍቷል፣ ወርቃማው ጠፍቷል። ብርሃኑን ዝቅ ባደርገው ነጩ ግራጫ ሆነ እንጂ ክሩ አልተመለሰም። የተቃጠለ ነጭ በኤዲቲንግ አይመለስም፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ አልተቀረጸም። ጥምቀትም የሚመለሰው በዓመቱ ነው።

ቸኩዬ እንዳለ ለቀቅኩት። ሸማኔው በልጅ ልጃቸው ስልክ አዩት። በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «የኔ ልጅ፣ ጥለቱስ የታለ?» አሉኝ። ዜና ላይ የሰው ንግግር ቆርጬ ትርጉሙን ባጣምም ኖሮ የሚሰማኝ እንደዚያ ነበር። የሰው የሁለት ሳምንት ሥራ አጥፍቼ ስሜን ጽፌበታለሁ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ሰዓቱ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። ያኔ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ከጎን የመጣ ብርሃን በእያንዳንዱ ክር ስር ትንሽ ጥላ ስለሚጥል ሽመናው በዓይን የሚዳሰስ ይሆናል። በቀትር መቅረጽ ግድ ከሆነ ወደ ጥላ ግቡ።

ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የልብሱን በጣም ነጭ ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆዩ፣ እስኪቆለፍ። የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ወደ ታች ጎትቷት። የክሩ መስመር እስኪታይ ድረስ አትልቀቋት። ፊቱ ትንሽ ይጨልማል፣ አትደንግጡ። ከብርሃኑ በተቃራኒ በኩል፣ ከካሜራው ውጭ፣ አንድ ሰው ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ይቁም። አራት ድርብ ስለሆነ ብርሃኑን አያሳልፍም፣ ወደ ፊቱ ይመልሰዋል። ከተገዛ ሪፍሌክተር ይልቅ ጋቢውን እወደዋለሁ፤ የሚመልሰው ብርሃን ለስላሳ ነው።

የጃኖው ቀይ ሌላ ጣጣ አለው። ስልኮች ቀይን ያጋንናሉ፣ ጥለቱ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። ጥላ ውስጥ ቅረጹት፣ ስታቀናብሩም የቀለሙን ድምቀት ትንሽ ቀንሱ። ቀጫጭን መስመር ያለው ጨርቅ በቪዲዮ ላይ ከተርገበገበ አንድ እርምጃ ቅረቡ ወይም ራቁ። ሸማኔው ቤት በአምፖል ስትቀርጹ መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ስልካችሁን በሰከንድ ወደ 25 ፍሬም (ምስል) ቀይሩ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው።

ቦታውን ከመልቀቃችሁ በፊት የቀረጻችሁትን ከፍታችሁ ጥለቱ ላይ አጉሉት። ቀለማቱን አንድ በአንድ መቁጠር ካልቻላችሁ ድገሙት። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ቦታው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነውና ትራይፖድ ከመትከላችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

5. ጋዜጠኝነቱን አትተዉት

ብዙ ሰው ከዜና ሲወጣ ማጣራቱንም እዚያው ጥሎት ይወጣል። እኔም አንድ ጊዜ ሻጯ «የእጅ ፈትል ነው» ስላለችኝ ብቻ እንዲያው ተናገርኩ። አልነበረም። ማስተካከያ አወጣሁ፣ አሁንም ቪዲዮው አናት ላይ ተለጥፏል።

በእጅ የተሸመነ ሁሉ በእጅ የተፈተለ አይደለም። ድሩ (በቁመት የሚዘረጋው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) የእጅ ፈትል የሆነ ሸማ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ። ከጫፉ አንድ ክር ስባችሁ እዩ፤ በእንዝርት የተፈተለ አንዱ ጋ ወፍሮ አንዱ ጋ ይቀጥናል። ጥለቱን ገልብጡት፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ይደበዝዛል፣ የተሸመነ ግን ከጀርባም ክሩ ይታያል። የሸማኔውን ስም፣ የፈጀበትን ቀንና ዋጋውን እንደ ዜና ጠይቃችሁ ንገሩን። ቀሚሱ በነጻ ከተሰጣችሁም በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ።

ሸማኔን «ስለ ሥራህ ንገረን» አትበሉት። የሚነግራችሁ ሁሉም የሚያውቀውን ነው። «ክሩ መሃል ላይ ቢበጠስ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። እጁ ራሱ ይመልስላችኋል። ከሬዲዮ የመጣችሁ ደግሞ ሀብት አላችሁ። ማጉን የሚያመላልሰውን የመወርወሪያውን ድምፅ ብቻውን አንድ ደቂቃ ቅዱ። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ ከስር ማስገባት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። የመወርወሪያው ድምፅ ግን ሸማኔው ከፈቀደ የናንተ ነው፣ ከዘፈኑም ይበልጣል።

6. ገንዘቡና ፋይሉ

ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። እስከዚያ ምን ትበላላችሁ? እኔን ያኖሩኝ ሙሽሮች፣ ልብስ ሰፊዎችና የሀበሻ ቀሚስ ሱቆች ናቸው። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር አውጡ፤ ደህና የሚከፍል ደንበኛ ደረሰኝ ይጠይቃል። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ፣ ስንት ቪዲዮ፣ ስንት ጊዜ እርማት፣ መቼ ርክክብ። ግማሽ ቀብድ ሳትይዙ ካሜራ አታንሡ። ዘመድም ቢሆን።

በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ገጼ ላይ ምንም መልቀቅ አልቻልኩም። ያተረፈኝ በፍላሽ የማስረክበው የሠርግና የሱቅ ሥራ ነበር። ሁሉንም ገቢ ኢንተርኔት ላይ አትስቀሉት። ፋይሎቻችሁንም በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ። ስማቸው ላይ ቀኑንና የሸማኔውን ስም ጻፉ።

7. መልሳችሁ አሳዩ

ከመልቀቃችሁ በፊት ቪዲዮውን ልብሱን ለሠራው ሰው አሳዩ። ይህን ዜና ላይ አናደርገውም። እዚህ ግን ጥለቱ በትክክል መታየቱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በሁለተኛው ዓመት ለከተራ ዋዜማ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ጋቢ አስዘርግቼ የኒያን ሽማግሌ አዲስ ቀሚስ ቀረጽኩ። እሳቸው የያዙት የቁልፍ ስልክ ስለሆነ የኔን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቀለሞቹን ቆጠሩ። አምስቱም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ስልክ ቁጥሬንስ ጻፍሽው?» አሉኝ። አልጻፍኩትም ነበር። እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩት። እናንተም ባለሙያው ከፈቀደ ቁጥሩን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉ።